እጅ ዳነ የሚባለው መቼ ነው?

ክር ለማስወጣት የሚመጣ ታካሚ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ዶክተር፣ እንግዲህ ድኛለሁ ማለት ነው?»

ቀዶ ጥገናው ከተሠራ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ቁስሉ ገጥሟል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንነው ሕመም ለቋል። ይሁን እንጂ መዳፍ ሲጫኑት ያማል፣ ጀበና ሲያነሡ እጅ ይከዳል፣ የጣት ጫፍም ገና እንደ ፈዘዘ ነው። «አዎ» ብላቸው በማግስቱ የሳምንት ልብስ ይዘፈዝፋሉ። «ገና ነዎት» ብላቸው ደግሞ በከንቱ ተቀደድኩ ብለው አዝነው ይሄዳሉ። ይህ ቀዶ ጥገና ውጤቱን በአንድ ቀን አያስረክብም፤ ከፊሉ በዚያው ሌሊት ይመጣል፣ ከፊሉ ወራት ይፈጃል፣ ከፊሉ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ይህ ቀድሞ የተነገረውና ያልተነገረው ሰው፣ እጃቸው እኩል ቢድን እንኳ፣ እኩል ረክተው አይሄዱም። የካርፓል ተነል ቀዶ ጥገና ይጠቅማል ወይ የሚለው ክርክር በባለሙያዎች ዘንድ ካለቀ ቆይቷል። ለማን፣ በስንተኛው ወር፣ ምን ይመልሳል የሚለው ግን ታካሚው ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው ከመዳፍ መነሻ፣ ከእጅ አንጓ ላይ ባለች፣ ካርፓል ተነል በምትባል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ወለሏና ግድግዳዋ የአንጓ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያዋ ወፍራምና የማይለጠጥ ጅማት ነው። በዚያች ቦታ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ቦታው ሲጠብ ወይም የጅማቶቹ ሽፋን ሲያብጥ ቀድሞ የሚታመመው ነርቩ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣት ትተርፋለች። ስለዚህ «እጄ ደነዘዘ» ላለኝ ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «ትንሿ ጣትዎስ?» የሚል ነው። ቀጥዬ ስለ ሌሊቱ እጠይቃለሁ። «እጄ ይሞትብኛል»፣ «ጉንዳን ይወርረኛል»፣ «እሳት ሆኖ ያድራል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ «ተነሥቼ አራግፈዋለሁ» ካሉኝ ግን ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ተኝተን ሳለ አንጓችን ይታጠፋል፣ መተላለፊያዋም ይበልጥ ትጠባለች፤ ሌሊት የሚብሰው ለዚህ ነው።

በየትኛውም አገር በሽታው ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ወደ እኛ ክፍል የሚመጡት እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ፣ በየቤቱ ልብስ የሚያጥቡ፣ ሹሩባ የሚሠሩ፣ በስፌት መኪና የሚውሉ፣ የሚሸምኑ ናቸው። የስኳር ሕመምተኞች አሉ፤ የእንቅርት ዕጢያቸው ሥራ የቀነሰባቸው አሉ፤ ነፍሰ ጡሮችም አሉ፣ እነዚህ እንኳ አብዛኞቹ ሲወልዱ ይለቃቸዋል፣ ቢላ አያስፈልጋቸውም። ከእኛ ዘንድ እስኪደርሱ የሄዱበት መንገድ ረጅም ነው። ብርድ ነው ተብለው በቅባት ታሽተዋል፣ ወጌሻ ጋ ሄደዋል፣ ነርቭ ነው ተብለው የቫይታሚን ቢ መርፌ ተወግተዋል፣ ማስታገሻ ለወራት ውጠዋል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እጁ ያበጠ ወይም የተሰበረ ሰው ለሰው የሚያሳየው ነገር አለው፤ የደነዘዘ እጅ ያለው ሰው ግን ምንም የሚያሳየው የለውም፣ ራሱም ቢሆን ቁም ነገር ነው ብሎ አያምንም።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ዕድሜያቸው አምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃቸው «የልጄ ሠርግ ሳይደረግ ነው። አሁን የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች» አሉኝ። ሁለቱን እጃቸውን መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋኋቸው። የግራው አውራ ጣት ሥር ሙሉ ነው፤ የቀኙ ሟሙቶ ጎድጉዷል፣ ከቆዳው ሥር አጥንቱ ይታያል። አውራ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው እንዲያነሡና በጣቴ ስጫነው እንዲቋቋሙኝ ነገርኳቸው፤ ወዲያው ወደቀ። ሳንቲም አስቀምጬ አንሥተው እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሊቆነጥጡት ሞክረው ሲያመልጣቸው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፍተው በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መሀል ተቀበሉት። እንዲህ መላ ከፈጠሩ ዓመታት ሳይሆናቸው አልቀረም። በሌባ ጣታቸውና በመሀል ጣታቸው ጫፍ ላይ ደግሞ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ አንዳንዱ የቆየ፣ አንዱ ገና ቅርፊት የያዘ። ምጣዱ እንደ ነካቸው የሚያውቁት ቆዳው ሲነሣ አይተው ነው።

«እናቴ፣» አልኳቸው፣ «ሌሊት የሚያስነሣዎት ሕመም ይለቅዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የጣትዎ ስሜት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ይህ የሟሟው ሥጋ ተመልሶ ይሞላል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«መተኛት ከቻልኩ ሌላውን እችለዋለሁ» አሉኝ።

የዚህ በሽታ ታሪክ ራሱ ስለ መዘግየት ብዙ ይናገራል። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓጄት አንጓ ከተሰበረ በኋላ የሚመጣውን የሚዲያን ነርቭ መጨናነቅ በ1854 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። በ1913 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያኑ ፒየር ማሪ እና ሻርል ፏ የአንድ 80 ዓመት አዛውንት አስከሬን መረመሩ። የሰውየው ሁለቱም አውራ ጣቶች ሥር ያለው ጡንቻ መንምኖ ነበር፤ ነርቮቹም ከጅማቱ ሥር ታንቀው ተገኙ። ሁለቱ ሐኪሞች በሽታው በጊዜ ቢታወቅ ኖሮ ጅማቱን በመቁረጥ ጉዳቱን ማስቀረት ይቻል እንደነበር ሐሳብ አቀረቡ። ሆኖም ቀዶ ጥገናው በሰፊው እስኪለመድ ድረስ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ለዚያም ጆርጅ ፌለን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ደክሟል። ዛሬም ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ከማያቸው እጆች መካከል ማሪ እና ፏ ያዩትን ዓይነት የመነመነ ጡንቻ የያዙት ጥቂት አይደሉም።

ቀዶ ጥገናው አጭር ነው። ታካሚው አይተኛም፤ መዳፉ መነሻ ላይ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ይወጋል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አድሬናሊኑ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ክንድን በማሰሪያ ማነቅ አያስፈልግም። ቀድሞ አድሬናሊን ጣትና እጅ አካባቢ አይወጋም ተብለን ነበር የተማርነው፤ ካናዳዊው ዶናልድ ላሎንድና ባልደረቦቹ ይህን ፍርሃት በሥራቸው ካስወገዱት ወዲህ ግን ነገሩ ተቀይሯል። እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የሰመመን ባለሙያና የማደንዘዣ ማሽን ወረፋ መጠበቅ ቀረ። የስኳር ሕመምተኛው ጾሞ፣ መድኃኒቱን አቋርጦ አይመጣም። ታካሚው ቀዶ ጥገናው ሲሠራ እያወራኝ፣ ጣቶቹን አንቀሳቅስ ስለው እያንቀሳቀሰ፣ ሲያልቅ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእኚያን እናት መዳፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍቼ ጅማቱን ስቆርጥ ነርቩ ወለል ብሎ ታየ። ከጅማቱ ሥር የነበረው ክፍል ተጠፍጥፎ ነጥቷል፤ ከእሱ በላይ፣ ወደ ክንድ በኩል ያለው አብጧል። ጅማቱ እስከ መጨረሻው መቆረጡን በዓይኔም በመሣሪያም አረጋገጥኩ፤ ምክንያቱም ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙ ጨርሶ ካለቀቀ በብዛት የሚገኘው ምክንያት ወደ ጣቶች በኩል ያለው የጅማቱ ጫፍ ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የነጣው ቦታ ቀላ ማለት ጀመረ። ደም ተመልሶለታል ማለት ነው። ስሜት ተመልሶለታል ማለት ግን አይደለም።

ለታካሚ ስንነግር መለየት ያለብን እዚህ ላይ ነው። የሌሊቱ ሕመም የሚመጣው ነርቩ ደም ሲያጥረው ነው፤ ጫናው በተነሣ ጊዜ ይሄዳል፣ ለብዙዎች በዚያው ሌሊት ወይም በዚያው ሳምንት። መጥቶ የሚሄድ መደንዘዝም በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ቀንም ሌሊትም የማይለቅ መደንዘዝ ካለ ግን የነርቩ ሽፋንና ክሮቹ ራሳቸው ተጎድተዋል። የተበጠሰ የነርቭ ክር እንደገና የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርቀት ለካ አድርጎ ወሩን ማስላት ይቻላል። ጡንቻው የመጨረሻው ነው። ለረጅም ጊዜ ነርቭ ያጣ ጡንቻ ወደ ስብና ጠባሳ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ነርቩ ቢደርስም የሚቀሰቅሰው ነገር አያገኝም።

የጉልበቱ ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የመጨበጥ አቅም ከበፊቱም ያነሰ ይሆናል፤ ጣሪያ የነበረው ጅማት ተቆርጧልና። ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚበልጠው። ከጠባሳው ግራና ቀኝ፣ ከመዳፍ መነሻ ላይ ደግሞ ሲጫኑት የሚያም ሕመም አለ። ሊጥ ሲያቦኩ፣ ከዱካ ሲነሡ፣ ሲሰግዱ መዳፋቸውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ ይሰማቸዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ አብዛኛው ይጠፋል። ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን «ነርቤን ነኩት» ብሎ ያምናል፣ ለጎረቤቱም ይህንኑ ይነግራል፤ ጎረቤቱም እጇ ደንዝዞ ሳለ ሐኪም ቤት ሳትሄድ ሌላ ሁለት ዓመት ትቆያለች።

ቁጥር ለሚፈልግ ቁጥር አለ። በኔዘርላንድ 176 ሰዎችን አሳትፎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቀዶ ጥገናን ሌሊት ከሚታሰር የአንጓ ድጋፍ ጋር አነጻጽሯል። ከሦስት ወር በኋላ በቀዶ ጥገናው ወገን 80 በመቶው፣ በድጋፉ ወገን 54 በመቶው ተሽሏቸዋል። በ18ኛው ወር 90 በመቶ እና 75 በመቶ ደርሷል፤ በድጋፍ ከጀመሩት ውስጥ ግን 41 በመቶው እስከዚያ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። የስቴሮይድ መርፌም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በስዊድን በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፍተኛውን መጠን ከተወጉት ሰዎች መካከል 73 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና አድርገዋል፤ መድኃኒት የሌለው መርፌ የተወጉት ደግሞ 92 በመቶ። እንዲያም ሆኖ ሕመሙ ገና ለጀመረው ሰው የአንጓ ድጋፍ ማዘዜን አልተውም። ርካሽ ነው፣ አይጎዳም፣ ለአንዳንዱም ይበቃዋል።

90 በመቶ የሚለው ግን ለእኛ ታካሚ እንዳለ አይነገርም። በኔዘርላንዱ ጥናት የአውራ ጣት ሥር ጡንቻቸው ክፉኛ የመነመነ ሰዎች አልተካተቱም። እንጀራ የሚጋግሩት እናት እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ለጥናቱ አይመረጡም ነበር። ታካሚ ሲጠይቀኝ የምነግረው ቁጥሩ የማንን እጅ ቆጥሮ የተገኘ እንደሆነ ጨምሬ ነው። እንዲህም ሆኖ ዘግይቶ የመጣን ሰው «አልፎብዎታል» ብሎ መመለስ ትልቅ በደል ነው። ከባድ ደረጃ ላይ የደረሰ እጅም ሕመሙ ይለቃል፣ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ስሜቱም ባይሞላ ይሻሻላል። የስኳር ሕመምተኞችም ይጠቀማሉ፤ «ስኳር ስላለብህ አይረባህም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ሳይ አዝናለሁ። ጡንቻው ለሞተ አውራ ጣት ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ ከክንድ ላይ፣ ቢወሰድ የማይጎድል አንድ ቀጭን ጅማት ወደ አውራ ጣት ተዛውሮ እንዲያነሣው ማድረግ ይቻላል።

ከዓረብ አገር ለዕረፍት የመጣች ወጣትም ነበረች። የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሁለቱም እጆቿ ሌሊት አላስተኛ ብለዋታል። ጡንቻዋ ደህና ነው፣ መደንዘዙም መጥቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ እጅ ላይ ውጤቱ እጅግ ያማረ ነው። የእሷ ችግር ሌላ ነበር፤ «ሁለቱንም በአንድ ቀን ሥራልኝ፣ በሦስት ሳምንት እመለሳለሁ» አለችኝ። ቀላል ሥራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቻላል። ምንጣፍ ማጠብ፣ ልብስ መጭመቅ፣ ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቃል። ቆይታዋን ማራዘም እንደማትችል ስታስረዳኝ የባሰበትን ቀኙን ብቻ ሠርተን፣ ለግራው የሌሊት ድጋፍ ሰጥተን፣ ለአሠሪዋ የሚሆን ደብዳቤ ጻፍኩላት። ደብዳቤው እንደሚከበርላት ግን ማንም ዋስትና ሊሰጣት አልቻለም። ቀዶ ጥገናው ያማረ ሆኖ ሳለ እጇ ዕረፍት ካጣ፣ የምጽፈው «ውጤት» ምን እንደሚሆን ማሰብ ይከብደኛል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እጃቸው ሲደነዝዝና ሳያውቁት ሲቃጠሉ፣ ቁምጥና ይሆን ብለው ፈርተው ለማንም ሳይናገሩ የኖሩ ሰዎች ይመጡኛል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የሥጋ ደዌም ነርቭን ያጠቃል፣ ሚዲያን ነርቭንም ጭምር። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለርት የተባለው፣ ሕዝቡ ዘነበወርቅ የሚለው ሆስፒታል ብዙ ባለሙያ ያሠለጠነው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። ስለዚህ ቆዳቸውን አያለሁ፣ ስሜት ያጣ ንጣፍ ካለ እፈልጋለሁ፣ ክርናቸው ላይ ያለውን ነርቭ እዳስሳለሁ፣ ወፍሮ እንደሆነም አያለሁ። ከሌለ «ይህ እሱ አይደለም» ብዬ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ቢገኝም መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ይህን ሳይሰሙ ከክፍሉ የሚወጡ ከሆነ የእጅ ምርመራው ገና አላለቀም።

እኚያ እናት በሦስተኛው ወር ሲመጡ ሌሊቱን ሙሉ ይተኙ ነበር። የሌባ ጣታቸው ጫፍ ሙቀት መለየት ጀምሯል፤ እስከዚያ ግን ምጣድ ዳር ሲደርሱ ጨርቅ በእጃቸው እንዲይዙ ነግሬያቸው ነበር፣ አዲስ ጠባሳም አላየሁም። የአውራ ጣታቸው ሥር እንደ ነበረ ነው። ጅማት የማዛወሩን ነገር አነሣሁላቸው፤ «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር» አሉኝ።

ወደ ክሩ ማውጫ ቀን ጥያቄ ስመለስ፣ መልስ የምንሰጥበት መለኪያ ያስፈልገናል። በቦስተን የተሠራና በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ መጠይቅ በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ ነው፤ ስለ ሕመሙ 11፣ ስለ እጅ ሥራ 8 ጥያቄ አለው። የእጅ ሥራዎቹ መጻፍ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ መጽሐፍ ይዞ ማንበብ፣ ስልክ መያዝ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ የቤት ሥራ፣ የገበያ ዕቃ መሸከም፣ መታጠብና መልበስ ናቸው። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ እጠቀምባቸዋለሁም። ነገር ግን መጽሐፍ ይዞ ማንበብ ለማይችል ሰው ሊጥ ማቡካትን፣ ልብስ መጭመቅን፣ እንጀራ ማውጣትን፣ ሹሩባ መሥራትን ጨምሬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ከእነዚህ ሁሉ በስተመጨረሻ የሚመለሰው ልብስ መጭመቅ ነው፤ አንጓን እያጠማዘዙ አጥብቆ መጨበጥን ይጠይቃልና። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ልብስ የሚጨምቅልሽ ሰው ለሁለት ወር ይኑር» የሚለውን ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ባል ወይም ልጅ አብሮ በተገኘበት እናገራለሁ።

የሚያስቸግረን ደህና የሆነ ሰው ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። የትራንስፖርት ወጪ አለ፣ የሥራ ቀን ይባክናል፣ ያልታመመ ሰውም ወረፋ አይቆምም። የሚመጣው የሚያመው ነው፤ እሱን ብቻ ካየን ሥራችን ከሆነው የከፋ ይመስለናል፣ የቀሩትን ሁሉ ድነዋል ብለን ከቆጠርን ደግሞ ራሳችንን እናታልላለን። ስለዚህ ስልክ ቁጥር ካርዳቸው ላይ እየጻፍን ነርሶቻችን እየደወሉ እንዲጠይቁ አድርገናል። ስልክ ስለ ሌሊቱና ስለ ልብሱ ይነግረናል፤ አውራ ጣት መነሣቱን፣ ሳንቲሙ መቆንጠጡን ግን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ለጊዜው ቀዶ ጥገና ያደረግሁላቸውን ሁሉ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር እንዲመጡ እለምናለሁ፤ ደህና የሆኑትንም ጭምር።